የሃያ አምስት ዓመት ጋብቻ ራት

በአገራችን ልማድ ሰው ሲሞት አርባው ይቈጠራል፤ ሰማንያው ይቈጠራል፤ ሙት ዓመቱም ታስቦ ይውላል። ቀኑን የረሳ ልጅ ቢኖር ጎረቤት ያስታውሰዋል። ለጋብቻ ግን እንዲህ ያለ ቍጥር የለንም። ድንኳኑ ይተከላል፤ ሠርጉ ይደገሳል፤ መልሱና ቅልቅሉ ይከተላል፤ ከዚያ ወዲያ ባልና ሚስት የተጋቡበትን ዕለት የሚያስታውስ ሰው ቢገኝ ምናልባት የድግሱን ዕዳ ገና ከፍሎ ያልጨረሰው አባት ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ያለው ልማድ ከዚህ የተለየ ነው። የጋብቻው ዕለት በየዓመቱ ሲመለስ ባልና ሚስት ስጦታ ይለዋወጣሉ፤ የሚችሉትም ከቤታቸው ወጥተው በመልካም ምግብ ቤት ራታቸውን ይበላሉ። ሃያ አምስተኛው ዓመት የብር፣ አምሳኛው የወርቅ ይባላል። ልማዱ ዛሬ ወደ ከተሞቻችንም ስለ ገባ፣ ብዙ ሰዎች ይህ ለታይታ የሚደረግ የገንዘብ ማጥፊያ ነው እያሉ ሲነቅፉ እንሰማለን። እኛም ከነቃፊዎቹ ወገን ነበርን። አሁን የምንጽፈውን ነገር ከሰማን በኋላ ግን አሳባችን እንደ ቀድሞው አልጸናም።

ነገሩ የተደረገበትን ስፍራ አስቀድመን እናስረዳ። በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር፣ የእኛ ነው ካልተባለ በቀር፣ ሁሉም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በአሜሪካ በፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከሚባለው ከተማ አጠገብ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ የሚባል የመዝናኛ ስፍራ አለ። ዋልት ዲዝኒ ሥዕልን በሲኒማ እንዲንቀሳቀስ በማድረግ በዓለም የታወቀ ሰው ነው። ረግረግና ጫካ የነበረውን ይህን ምድር ከገዛ በኋላ ሥራው ሳይፈጸም በ1966 ስለ ሞተ፣ ወንድሙ ሮይ ሥራውን አስፈጽሞ በ1971 በጥቅምት ወር መጀመሪያ ከፈተው። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በውስጡም የተረት ቤተ መንግሥት፣ ልዩ ልዩ መጫወቻ፣ ሐይቅ፣ ባንድ ሐዲድ ላይ ብቻ የሚሄድ ባቡርና ብዙ ሆቴሎች አሉበት። በሐይቁ ዳር በ1988 የተሠራው ግራንድ ፍሎሪድያን የሚባለው ሆቴል ግድግዳው ነጭ፣ ጣራው ቀይ ነው። ይህም ከመቶ ዓመት በፊት ባለጠጎች ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ ፍሎሪዳ ባሕር ዳር ሲወርዱ ያርፉባቸው የነበሩትን ሆቴሎች መልክ ይዞ የተሠራ ነው።

የምንናገርለት ምግብ ቤት በዚህ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ስሙም ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርትስ ይባላል። ስፍራው ሁሉ ለሕፃናት ደስታ የተሠራ ሲሆን፣ በዚህ ክፍል ግን ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ገብቶ እንዲበላ አይፈቀድለትም። ወንዶች ኮት ለብሰው ይገቡ ነበር። የምግቡ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት የእንግዳው ስም ታትሞበት ይቀርባል። በክፍሉ ውስጥ አርፕ የሚባለው የፈረንጅ በገና በቀስታ ይደረደር ነበር። ስንት ዓይነት ምግብ እንደሚቀርብ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ አንዱ ሲነሣ ሌላው በተራው ይመጣል፤ አንዱ ቀረበ ብሎ ሌላውን የሚያጣድፍ የለም።

በተከፈተበት ዘመን አንድ ወንድና አንዲት ሴት አሳላፊ በየገበታው ይቆሙ ነበር፤ ወንዱ ማንም ይሁን ማን ስሙ አልበርት፣ ሴቲቱም ማንም ትሁን ማን ስሟ ቪክቶሪያ ይባል ነበር። ይህ ጨዋታ ኋላ ቀርቷል፤ መቅረቱም መልካም ነው። አሳላፊ የቤቱን ልብስ ቢለብስ ተገቢ ነው፤ ስሙን ግን እናቱ ያወጣችለት ነው።

በ2020 በመጋቢት ወር የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ሲይዝ ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ከሁለት ዓመት በላይ ቆየ፤ በ2022 በሐምሌ ወር ተመልሶ ሲከፈት የአንድ ሰው ራት ዋጋ ያለ መጠጥ 295 ዶላር ሆነ። የመኪና ጎማ በመሥራት የታወቀው ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ምግብ ቤቶችን እየመረመረ ለመረጣቸው ኮከብ ይሰጣል፤ በ2024 ለዚህ ምግብ ቤት አንድ ኮከብ ሰጥቶታል። ስለ ክብሩና ስለ ዋጋው ይህን ያህል ይበቃል።

ስሙ የወጣለት ጋብቻ ግን ጥቂት ይነገርለት ዘንድ ይገባል። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የአጎታቸውን ልጅ ልዑል አልበርትን ያገቡት በ1840 በየካቲት 10 ቀን ነው። ንግሥትን አግቢኝ ብሎ መጠየቅ ለማንም ስላልተፈቀደ፣ አግባኝ ብለው የጠየቁት እርሳቸው ነበሩ። በሠርጋቸው ቀን ነጭ ልብስ ለበሱ፤ ዛሬ በዓለም ሁሉ፣ በእኛም ከተሞች፣ ሙሽሮች ነጭ የሚለብሱት ልማድ ከዚያ ወዲህ የሰፋ ነው። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ልዑሉ በ1861 በታኅሣሥ 14 ቀን በ42 ዓመታቸው ሲሞቱ ጋብቻው 22 ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ንግሥቲቱ በ1901 እስኪሞቱ ድረስ ጥቁር ልብሳቸውን አልለወጡም። የባላቸው ክፍል እንደ ነበረ ተጠብቆ፣ ጢም የሚላጩበት ሙቅ ውሃ በየቀኑ ይቀርብ ነበር። ሲሞቱም እንዳዘዙት ነጭ ለብሰው፣ የሠርጋቸው ዐይነ ርግብ በፊታቸው ላይ ሆኖ ተቀበሩ።

የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 ከመቅደላ ተወስዶ የ7 ዓመት ልጅ ሳለ በፊታቸው የቀረበው ለእኚሁ ንግሥት ነው። ኦስቦርን በሚባለው፣ ከባላቸው ጋር ባሠሩት ቤት ሲቀበሉት በኀዘን ላይ ከሆኑ 7ኛ ዓመታቸው ነበር። አባቱንም እናቱንም ያጣው ልጅና ጥቁር የለበሱት ንግሥት ምን ተባብለው ይሆን ብለን ብዙ ጊዜ አስበናል። ልጁ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀብሯል።

አሁን ወደ ወዳጃችን ነገር እንመለስ። ይህ ሰው ከእኛ ጋር ፊደል ቈጥሮ፣ ዳዊት የደገመ ባልንጀራችን ነው። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናልና አንጽፍም። በእኛ አቈጣጠር በ1986 ዓመተ ምሕረት ጥር 15 ቀን እሑድ በዐዲስ አበባ አገባ፤ እኛም ከሚዜዎቹ ጋር ነበርን። በዓመቱ ሴት ልጅ ወለዱ። በ1997፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ለአያቷ ትተው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ዋሺንግቶን ሄዱ። እርሱ ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ወይዘሮዋም ባንድ ሆቴል አልጋ አንጣፊ ሆኑ። ልጅቱን በ2000 ወስደው አሳደጉ፤ ተምራ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነችና በኦርላንዶ ሥራ ያዘች። የወላጆቿን 25ኛ የጋብቻ ዓመት ቈጥራ፣ ከደመወዟ አጠራቅማ፣ በዚያ ምግብ ቤት ሁለት መቀመጫ ያስያዘችላቸው እርሷ ናት።

ወይዘሮዋ ይህን ሲሰሙ ሁለት ነገር ተናገሩ። መጀመሪያ፣ ጥር 15 ቀን በዚያ ዓመት ረቡዕ ስለሚውል በጾም ቀን ሥጋ አልበላም አሉ፤ ስለዚህም ራቱ ወደ ቅዳሜ፣ በ2019 ወደ ጥር 26 ቀን፣ ተዛወረ። ሁለተኛው ክርክር የበረታ ነበር። ይህ ገንዘብ ለእናቴ የዓመት ቀለብ ይሆናል፤ እኔ ለአንድ ማታ ራት አላጠፋውም አሉ። ልጅቱም፣ ለአያቴ የሚላከውን ከዚህ ሌላ ልኬአለሁ፤ ይህ የእናንተ ነው ብላ ገንዘቡን መክፈሏን ነገረቻቸው። በዚያ አገር አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ በቀላሉ ስለማይመለስ፣ ገንዘብ ከሚባክን ብለው እሺ አሉ።

ወዳጃችን የሠርጉን ኮት አስጠግኖ ለበሰ። ወይዘሮዋም ነጭ የአገር ልብስ ለብሰው ገቡ። የበላዩ አሳላፊ ወንበራቸውን ስቦ ሲያስቀምጣቸው ወደ ኋላ ዘወር ብለው፣ ለሌላ ሰው ይሆናል ብለው ተመለከቱ።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ የታላቅ ቤት ግብር ያውቃሉ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ ጋር አስቀድመው በመጋረጃ ውስጥ ከተመገቡ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ሌላው በየማዕርጉ ይገባ እንደ ነበረ አባቶቻችን ነግረውናል። አሳላፊው ቆሞ፣ ዐይኑ በጌታው እጅ ላይ ሆኖ፣ ሳይጠራ ይደርሳል። ሥርዐቱን ስንመለከተው የፈረንጆቹ ገበታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን በእኛ ቤት፣ ታላቁም ቤት ይሁን ታናሹ፣ አንድ የማይለወጥ ነገር አለ፤ የቤቲቱ እመቤት አትቀመጥም። እንጀራው አንሷል፤ ወጡ ቀዝቅዟል፤ እንግዳው አልጠጣም እያለች ትነሣለች፤ ሰው ሁሉ በልቶ ሲያበቃ የተረፈውን ጓዳ ውስጥ ቆማ ትቀምሳለች። ሰው ይህን ትጋት ብሎ ያመሰግናታል፤ ተቀመጪ የሚላት ግን ጥቂት ነው። ይህ የእኛም የጸሐፊዎቹ ጥፋት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ የዓሣ እንቁላል ቀረበ፤ ካቪያር የሚባለው ነው። ወዳጃችን የዚህን ምግብ ጣዕም ብንጠይቀው፣ ጨው ነው፣ ዋጋውን ከነገሩህ በኋላ ግን ይጣፍጣል ብሎ አሳቀን። ሁለተኛው ሳህን ባዶ ሲሆን ወይዘሮዋ ሳህኖቹን ባንድ ላይ ደረደሩ፤ ማንካና ሹካውን በላዩ አደረጉ፤ በገበታው ልብስ ላይ የወደቀውን የዳቦ ፍርፋሪ በመዳፋቸው ሰብስበው ያዙ፤ የሚያፈስሱበት ስፍራ ስላጡም እጃቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። አሳላፊዪቱ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት፣ መጥታ ሳህኖቹን አነሣችና ትንሽ ባዶ ሳህን በፊታቸው አድርጋ፣ «እመቤቴ፣ በዚህች ማታ ይህ የእኔ ሥራ ነው» አለቻቸው። ወይዘሮዋም ፍርፋሪውን በሳህኑ ላይ ፈቱ። እጃቸው ምን እንደሚሠራ ስለ ጠፋው፣ ወዳጃችን እንደሚለው፣ ገበታው ላይ ሁለት ባዕዳን እጆች ተቀምጠው ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስለ ምግቡ ተነጋገሩ፤ ስለ ልጃቸውም ተነጋገሩ። ከጃፓን የመጣ ነው የተባለው የበሬ ሥጋ ቀርቦ ከተበላ በኋላ ግን ነገር አለቀባቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ እርሱ ሌሊት፣ ወይዘሮዋ ቀን ሲሠሩ ስለ ኖሩ የሚገናኙት በበሩ መግቢያ ነበር። እርሳቸው ራቱን ሠርተው በምድጃው ላይ ከድነውለት ይተኛሉ፤ እርሱ ሌሊት ገብቶ ብቻውን ይበላል። በበዓል ቀን ባንድ ገበታ ቢቀርቡም እንግዳ ስለሚኖር ወይዘሮዋ አይቀመጡም። እንግዲህ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው፣ ማንም ሳይነሣ፣ ሁለት ሰዓት የተቀመጡበት ቀን ከሠርጋቸው ወዲህ ቢፈለግ አይገኝም ነበር።

በገናው ሲያርፍ ወይዘሮዋ በድንገት፣ «አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ በከረሙበት በመጀመሪያው ብርድ፣ በ1998 መጀመሪያ ላይ፣ የልጃቸው ናፍቆት ስለ ጸናባቸው ሻንጣቸውን ይዘው ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደው ነበር። አሳባቸው ኒው ዮርክ ካለች ዘመዳቸው ዘንድ ደርሰው፣ የአውሮፕላን ገንዘብ ተበድረው ወደ አገራቸው ለመመለስ ነው። ቲኬቱን ለመቍረጥ ተራ ይዘው ቆመው ሳለ፣ ለባላቸው የሠሩት ወጥ በእሳት ላይ እንዳለ ትዝ አላቸው። «ቤቱ ይቃጠላል ብዬ ተመለስኩ፤ እሳቱን አጥፍቼ እንደ ገና ልሄድ ነበር። ከዚያ መሸና አንተ ትመጣለህ ብዬ እንጀራ ማቅረብ ጀመርኩ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድኩም» አሉት።

ወዳጃችን ብዙ ዝም ካለ በኋላ፣ «ዐውቄ ነበር» አለ።

በዚያ ማታ ከሥራ ሲገባ ሻንጣው ከበሩ ኋላ ቆሞ አየው። ከታች እርጥብ ነበር፤ በመንኰራኵሮቹም መካከል በረዶ ነበረ። «ብጠይቅሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። የሌሊቱን ሥራ የጨመርኩት በዚያ ሳምንት ነው፤ ልጅቱን ቶሎ ካመጣናት አትሄድም ብዬ ነው» አላት።

ወይዘሮዋ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ባላቸው የሌሊት ሥራ የያዘው የእርሳቸውን ኩርፊያና እንባ እንዳያይ ከቤት ለመሸሽ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ቂሙንም በወጡ ላይ ክዳን እየደፉ ኖረውበታል። እኛ ይህን ሲነግረን፣ በፍርድ ቤት መዝገብ የምናየው የባልና የሚስት ክርክር ሁሉ በዐይናችን መጣ። በደሉ ከሚሞላው ገጽ ይልቅ ያልተጠየቀው ጥያቄ የሚሞላው ይበልጣል።

አሳላፊዪቱ የመጨረሻውን ጣፋጭ ልታቀርብ ቀርባ ሁለቱም ዕንባ በዐይናቸው እንደ ሞላ ባየች ጊዜ፣ ሳህኑን ይዛ እንደ መጣች ተመለሰች፤ እስኪረጋጉም ድረስ ከሩቅ ቆመች። ከዚያች ማታ ሥራ ሁሉ ወይዘሮዋ የሚያደንቁት ይህን ነው። እርሳቸውም ብዙ ዓመት በሰው ክፍል ደጃፍ ላይ ቆመው፣ ልግባ ወይስ ልቈይ እያሉ የኖሩ ናቸውና ያውቁታል።

በመጨረሻ ቡና መጣ። በዚያ ቤት የሚፈላበት መሣሪያ ሊነገርለት የሚገባ ነው። ሁለት ክብ የብርጭቆ ዕቃዎች አንዱ ባንዱ ላይ ተቀምጠው፣ በታችኛው ውሃ፣ በላይኛው የተፈጨ ቡና ይደረጋል። ከሥሩ እሳት ሲለኰስ እንፋሎቱ ውሃውን ገፍቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ውሃውም ከቡናው ጋር ይዋሐዳል። እሳቱ ሲነሣ የታችኛው ዕቃ ይቀዘቅዝና ቡናውን መልሶ ወደ ታች ይስበዋል፤ አተላው በማጣሪያው ላይ ይቀራል። ይህ ሁሉ በእንግዳው ፊት ይደረጋል።

ወይዘሮዋ አይተው ፈገግ አሉ። በሕይወታቸው ቡና ሲፈላ ተቀምጠው የተመለከቱበት ቀን፣ ልጅ ሆነው በእናታቸው ቤት ካልሆነ በቀር፣ አልነበረም። ሲቀዳላቸው ቀመሱና ባላቸውን፣ «ሁለተኛውስ?» አሉት። አሳላፊዪቱ ነገሩ አልገባትም። ወዳጃችን እንዲህ ሲል አስረዳት፤ ይህ ቡና መጀመሪያ የተገኘው በእኛ አገር ነው፤ በእኛም ዘንድ አንድ ሲኒ ብቻ ጠጥቶ መነሣት ነውር ነው፤ የመጀመሪያው አቦል፣ ሁለተኛው ቶና፣ ሦስተኛው በረካ ይባላል።

ሴቲቱ በክፍሉ ውስጥ ዘወር ብላ ተመለከተች። ሌሎቹ እንግዶች አብዛኞቹ ሄደዋል፤ በገና ደርዳሪዪቱም በገናዋን እየሸፈነች ነበር። አሳላፊዪቱ አዲስ ውሃ አምጥታ በታችኛው ዕቃ ሞላች፤ እሳቱንም እንደ ገና ለኰሰች። ሦስተኛው ሲኒ እስኪጠጣ ድረስ ሁለቱም ከመቀመጫቸው አልተነሡም።